ጽኑ ተጫዋችና የትርፍ ጊዜ ተጫዋች፤ ስለ አንድ መለኪያ የቀረበ ሂስ

የቪዲዮ ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች ስለ ራሳቸው ሲናገሩ ዘወትር ከሁለት ቃላት በአንደኛው ይጠቀማሉ። አንዱ «ካዡዋል» የሚባለው ሲሆን ሁለተኛው «ሃርድኮር» የሚባለው ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ፊተኛውን «የትርፍ ጊዜ ተጫዋች»፣ ኋለኛውን «ጽኑ ተጫዋች» እንለዋለን፤ ትርጉሙ ፍጹም ባይሆንም ለጉዳያችን ይበቃል። ሁለቱ ቃላት የአንድ መንገድ ሁለት ጫፎች እንደ ሆኑ፣ ሰውም ሁሉ በዚህ መንገድ ላይ አንድ የመቆሚያ ቦታ እንዳለው ይታመናል። የምንመረምረው መንገዱ በእውነት አንድ መሆን አለመሆኑንና ሰዎች ቦታቸውን ሲመርጡ የሚመራቸው ምን እንደ ሆነ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ድርጅት በ2015 ያወጣው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከአሜሪካ ጐልማሶች 49 በመቶ የሚሆኑት የቪዲዮ ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ራሳቸውን «ጌመር» ብለው የሚጠሩት ግን 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ከወንዶች የሚጫወቱት 50 በመቶ፣ ከሴቶች የሚጫወቱት 48 በመቶ ስለ ሆኑ በመጫወት በኩል ልዩነት የለም ለማለት ይቻላል። ወደ ስሙ ስንመጣ ግን ከወንዶች 15 በመቶ፣ ከሴቶች 6 በመቶ ሆነው እናገኛቸዋለን። «ጌመር»ና «ጽኑ ተጫዋች» አንድ ቃል እንዳልሆኑ እናውቃለን፤ ዳሩ ግን ሁለቱም የማዕረግ ስሞች ስለ ሆኑ አንዱን የፈራ ሌላውን አይደፍርም። እንግዲህ ስሙ ድርጊቱን ተከትሎ የሚሰጥ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ ምን ተከትሎ ይሰጣል?

ቦታውን በቍጥር ለመወሰን ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል በሚገባ የታሰበበት ሆኖ ያገኘነው ባሪ ኢፕና ኧርነስት አዳምስ በ2002 ለጨዋታ ሠሪዎች ያቀረቡት ነው። ጸሐፊዎቹ 15 ነጥቦች ዘርዝረው፣ ለእያንዳንዱም ክብደት ሰጥተው፣ ተጫዋቹ ለጨዋታ ያለውን ትጋት በድምር ሊያሳዩ ሞከሩ። ሥራቸው ሊመሰገን ይገባዋል፤ ሰውን በሁለት ጎራ ከመክፈል ይልቅ በደረጃ ማየትን መርጠዋልና፣ የጨዋታውንም ሰዓት ብቸኛ ምስክር አላደረጉትምና። ይሁን እንጂ ዝርዝሩን ቀረብ ብለን ስናየው ዐይነታቸው የተለያየ ነገሮች በአንድ ከረጢት ገብተዋል። ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ መጫወት፣ በሽንፈት አለመመረር፣ ከራስና ከሌላ ጋር መፎካከር የሚሉት የፈቃድ ነገሮች ናቸው። አዲስ የወጣ መሣሪያ መያዝና ገንዘብ ለማውጣት ዝግጁ መሆን ግን የኪስ ነገር ነው። ኀይልና ፍልሚያ የበዛበትን ጨዋታ መምረጥ የጣዕም ነገር ነው። በስንት ዓመት ዕድሜ መጫወት ተጀመረ የሚለውማ የትውልድና የአገር ዕድል ነው እንጂ የማን ትጋት ሊባል ይችላል? ፈቃድና ኪስ ከተደመሩ በኋላ የሚገኘው ቍጥር የምን ቍጥር እንደ ሆነ ለማወቅ እኛ ተቸግረናል።

ይህንኑ መለኪያ ይዘን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። በከተማው ሰፈሮች ውስጥ ወጣቶች በጨዋታ ቍጥር ወይም በሰዓት እየከፈሉ የሚጫወቱባቸው የፕሌይስቴሽን ቤቶች አሉ፤ በአብዛኛውም የሚጫወቱት እግር ኳስ ነው። ከደንበኞቹ አንዱን እናስብ። የራሱ መሣሪያ የለውም። አዲስ የወጣው ሞዴል የትኛው እንደ ሆነ አይከታተልም። ጨዋታውን የሚሠራው ኩባንያ በ2023 «ፊፋ» የሚለውን ስም መተዉን ቢነግሩትም ግድ የለውም፤ እርሱ ዛሬም «ፊፋ» ይለዋል። ከዚህ ከአንዱ በቀር ሌላ ጨዋታ አልሞከረም። በ15ቱ ነጥብ ብንመዝነው በመሣሪያ በኩል፣ በወጪ በኩል፣ ስለ ጨዋታ ኢንዱስትሪ ባለው ዕውቀት በኩል እየጐደለበት ይሄዳል። ነገር ግን የተሸነፈ ተነሥቶ ያሸነፈ በሚቀጥልበት ወንበር ላይ ከተቀመጠ በኋላ የሚያስነሣው ሰው በሰፈሩ የለም። ለአንድ ግጥሚያ የሚከፍላትም ሳንቲም ካለው ላይ ስትታይ፣ ሌላው በየዓመቱ ለሚለውጠው መሣሪያ ከሚያወጣው የምትቀል አይመስለንም። መለኪያው ይህን ልጅ ወደ መንገዱ መካከል ወይም ከዚያ ወደ ታች ካወረደው፣ ስሕተቱ የልጁ አይደለም።

ሌላው ብርቱ ማስረጃችን ከጨዋታዎቹ ከራሳቸው የሚመጣ ነው። በተለምዶ ጨዋታዎቹም እንደ ሰዎቹ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ቀላልና አጭር የሆነው ለትርፍ ጊዜ፣ ከባድና ረጅም የሆነው ለጽኑዎች ይባላል። ቴትሪስ ይህን ክፍፍል ያፈርሰዋል። ቴትሪስን አሌክሴይ ፓጂትኖቭ በ1984 በሞስኮ ሠራው። ከላይ የሚወርዱትን ባለ አራት ካሬ ቅርጾች እያዞሩ ረድፍ መሙላት ነው፤ የሞላው ረድፍ ይጠፋል፤ ቅርጾቹ እየተከማቹ ጣሪያ ከነኩ ጨዋታው ያልቃል። ሕጉን ለማስረዳት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ኒንቴንዶ በ1989 ጌም ቦይ የተባለውን በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ወደ አሜሪካ ሲያስገባ ቴትሪስን ከሣጥኑ ጋር አብሮ የሸጠው፣ ልጅም ሽማግሌም ያለ አስተማሪ ሊጫወተው ስለሚችል ነበር። እንግዲህ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ የሚባል ነገር በዓለም ካለ ቴትሪስ ነው።

ለኒንቴንዶ የቤት መሣሪያ በዚያው በ1989 የወጣው ቴትሪስ 29ኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ቅርጾቹ ከመጠን በላይ ይፈጥናሉ። የሰው አውራ ጣት ሊደርስባቸው ስለማይችል የጨዋታው መጨረሻ እዚህ ነው ተብሎ ለብዙ ዓመታት ታምኖ ነበር። ኋላ ግን ተጫዋቾች አንድ ዘዴ አገኙ፤ አውራ ጣትን በቍልፉ ላይ በዝግታ አሳርፎ፣ በሌላው እጅ ጣቶች የመጫወቻውን ጀርባ እንደ ከበሮ መምታት ነው። በዲሴምበር 2023 አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ በዚህ ዘዴ 157ኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ የደከመው ልጁ ሳይሆን ጨዋታው ሆነ፤ ፕሮግራሙ ሥራውን አቆመ። ይኸው ሰላሳ ዓመት ያለፈው፣ በባቡር ጉዞ ላይ ጊዜ ማሳለፊያ የነበረ ጨዋታ ነው። አንዱ ጨዋታ ሁለቱንም ጫፍ በሆዱ ከያዘ፣ በጨዋታው ስም ተጫዋቹን መመደብ እንዴት ይቻላል?

ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ «ካዡዋል» የሚለው ቃል ከመመደቢያነት አልፎ መናቂያ መሆኑ ነው። ኒንቴንዶ በ2006 ዊ የተባለውን መሣሪያ ሲያወጣ፣ እጅን እያወዛወዙ ቴኒስና ቦውሊንግ መጫወት ስላስቻለ ከዚያ በፊት ጨዋታ ነክተው የማያውቁ ሰዎች ገዙት፤ ከ101 ሚልዮን በላይም ተሸጠ። ብዙዎች ጽኑ ነን ባዮች ግን መሣሪያውን የልጆች መጫወቻ ነው ብለው አቃለሉት። በ2012 በስልክ ላይ የወጣው ካንዲ ክራሽ ሳጋም እንዲሁ ነው። በሺህ የሚቈጠሩ ደረጃዎች አሉት። በየሌሊቱ እየተጫወተች ብዙ መቶ ደረጃ የወጣች ሴት «እኔ እንኳ ተጫዋች አይደለሁም» ብትል አንደነቅም፤ ከላይ ያየናቸው 6 በመቶ የሚለው ቍጥር ከየት እንደሚመጣ ከዚህ ይገመታል። የጨዋታውን ኩባንያ አክቲቪዥን ብሊዛርድ በ2016 በ5.9 ቢልዮን ዶላር ገዝቶታል፤ ነጋዴዎቹ እንኳ እርስዋን አልናቁም።

የእስር ቤቱን በር ከፈተልን የምንለው ጀስፐር ዩል ነው። በ2010 በታተመው «ኤ ካዡዋል ሬቮሉሽን» በተባለው መጽሐፉ፣ የትርፍ ጊዜ ተጫዋች የሚባለው ሰው ብዙ ጊዜ ከሚታሰበው በላይ እንደሚጫወትና ችግርንም እንደማይጠላ ገልጾ፣ ዋናው ልዩነት ጨዋታው ከሰው ኑሮ ጋር ለመስማማት ያለው ቅንነት ነው ይላል። አንዱ ጨዋታ በመካከል ቢተዉት ይጠብቃል፤ ሌላው ሰዓታት ካልሰጡት አይሆንም። ሐሳቡን እንቀበላለን፤ ሆኖም ወደ መጨረሻው ልንወስደው እንወዳለን። በ2011 የወጣው ዳርክ ሶልስ ለአፍታ እንኳ አይቆምም፤ ተጫዋቹ ዝርዝሩን ከፍቶ ቢያይ ጠላቱ ይመታዋል። ጀግንነት የሚጠይቅ ጨዋታ ተብሎ ይወደሳል፤ በእርግጥም ይጠይቃል። ነገር ግን ከጀግንነት በፊት የሚጠይቀው በሩ የተዘጋ ክፍልና የማይጠራ ሰው ነው። የሚያለቅስ ሕፃን ያለባት እናት፣ ደንበኛ የሚጠብቅ ባለ ሱቅ ጽናት ጐድሏቸው አይደለም የማይጫወቱት። ብዙ ጊዜ ጽናት ብለን የምናወድሰው ያልተቋረጠ የዕረፍት ሰዓት ነው፤ ይህም ለሁሉ እኩል አልተሰጠም።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ እርስ በርሳችን ተጠያይቀን ነበር። አንዱ ባልንጀራችን በየማታው ሦስት ሰዓት ያህል በስልኩ እየተጫወተ «ለማሳለፊያ ነው» አለን፤ ፈተና ስለ ቀረበ እውነቱን መናገር አፍሮ እንደ ሆነ ጠረጠርን። ሌላው ዓመት ሙሉ ምንም ሳይጫወት «ጽኑ ነኝ» አለ፤ ዳርክ ሶልስን በአንድ ክረምት ጨርሶ ነበርና። ስለዚህ «ምን ዐይነት ተጫዋች ነህ?» የሚለውን ጥያቄ ትተን «ዛሬ ማታ ጨዋታውን በመካከል ብታቋርጥ ምን ይቀርብሃል?» ብለን ጠየቅን። ፊተኛው ወዲያው የቡድኑን ነጥብ፣ ቀሪውን ግጥሚያ፣ የሚጠብቀውን ተጋጣሚ ቈጥሮ ነገረን። ሁለተኛው ጥቂት ካሰበ በኋላ ምንም አለ።