ወደ ተረቱ ዳርቻ

የክሮኤሺያዋ ዱብሮቭኒክ አስጎብኚዎች «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተቀረጸባቸውን የባሕር ዳር ግንቦች ለእንግዳ እያዞሩ ያሳያሉ። ደሴዎች ደግሞ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብንሄድ ከዚያ የማያንስ ተረት ያለው ዳርቻ እናገኛለን፤ ሐይቅን።

ተረቱ እንዲህ ነው፦ አንዲት ልዕልት በአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ግፍ ሠራች። ፈጣሪ ተቆጥቶ አገሩን ውኃ አደረገው፤ ልዕልቲቱ ከነወዳጅ ዘመዷ ሰጠመች። የቀረችው ሴትየዋ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ናት። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለው በዚያች መሬት ላይ ነው፤ ድሮ ደሴት ነበረች፣ አሁን ከየብሱ ተያይዛለች። ይህን ታሪክ ከአካባቢው ሰው አፍ፣ ውኃውን ፊት ለፊት እያዩ መስማትን የሚተካ ምንም ፊልም የለም።

ገዳሙ ግን ተረት አይደለም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ አስተምረውበታል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ደቀ መዝሙራቸው ነበሩ። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌልም የገዳሙ ቅርስ ነው። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች አይገቡም። ለአንዲት ሴት ተብላ በተረፈች መሬት ላይ እንዲህ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የወጣ የዓሣ ጥብስ አለ። ከኮምቦልቻ የመጣም ቢሆን ሳይመሽ ቤቱ ይገባል።