ስለ ሥዕል ማሳያ ቤቶች ደጃፍ

የሥዕል ተማሪ ሙያውን በትምህርት ክፍል ብቻ ተምሮ እንደማይጨርስ የታወቀ ነው። ስለዚህ እኛም በአዲስ አበባ ከመንግሥት ሙዚየምና ከሆቴል አዳራሽ ውጭ፣ ሠዓሊዎችና የሥዕል ወዳጆች በገዛ ፈቃዳቸው ያቋቋሟቸውን ማሳያ ቤቶች እየዞርን ተመለከትን። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን የተሰቀሉትን ሥዕሎች ሳይሆን ደጃፉን ነው። ይኸውም በበሩ የሚገባው ማን ነው? የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህን የምንጠይቀው ሕዝባችን ሥዕል ማየት አያውቅም ብለን አይደለም። በቤተ ክርስቲያን፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል ገበሬውም ባልቴቷም ጋባዥ ሳይሹ ያዩታል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስን በፈረሱ፣ ቅዱስ ሚካኤልን በሰይፉ ለይተው ያውቃሉ። ሥዕል ለማየት ልዩ ልብስና ልዩ ቋንቋ ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ በኋላ የመጣ ነው።

ከጎበኘናቸው ቤቶች በአንደኛው፣ ዘበኛው ነጠላ ጫማ ያደረገውን ጓደኛችንን ብቻ ለይቶ «ምን ፈልገህ ነው?» ሲል አቆመው። ከገባን በኋላም የሥዕሎቹ ስም በእንግሊዝኛ ብቻ ተጽፎ አገኘነው። ሥዕሎቹ መልካም ነበሩ። እንዲያውም አንደኛው ሥዕል ከበሩ ውጭ ያለውን ጉልት የሚያሳይ ነበር። ጎመን ሻጮቹ ተሥለዋል፤ ነገር ግን አልገቡም።

ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በመካኒሳ ያቋቋሙት፣ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ሌላ መንገድ አሳይቶናል። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ ጭቃውም ተቀርጾ ራሱ የጥበብ ሥራ ሆኗል። ጭቃ አቡክቶ ቤት የሠራ ሰው ስለዚህ ግድግዳ ከእኛ የበለጠ የሚናገረው አለው። ሆኖም ዕውቀቱ በግድግዳው ላይ መታየቱ ባለዕውቀቱን በራሱ ወደ ውስጥ አያስገባውም።

ከሁሉ ይልቅ ያስተማረን የካዛንቺሱ ፈንድቃ ነው። መነሻው የአዝማሪ ቤት ነበር። በዚያ ለጉርሻ ይጨፍር የነበረው መላኩ በላይ ኋላ ቤቱን ተረክቦ የባህል ማዕከል አደረገው፤ ሥዕልም ይታይበት ጀመር። ማሲንቆ ሊሰማ የመጣ ሰው ሳያስበው ሥዕል ያይ ነበር፤ ብርጭቆውን እንደያዘም ይከራከርበት ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለመልሶ ግንባታ ሲፈርስ ግን ፈንድቃም ከዚያ ተነሣ። ሥዕል ተጠቅልሎ ወደ ሌላ ስፍራ ሊሄድ ይችላል። ደጃፍና ጎረቤት ግን ተጠቅልለው አይሄዱም።

ሌላውን ስንነቅፍ ራሳችንን መርሳት አይገባንም። እኛ ባዘጋጀነው ትርኢት የጠራናቸው መምህራንንና እርስ በርሳችንን ነበር፤ የሥዕሎቻችንንም ስም በእንግሊዝኛ ጽፈን ነበር። ግቢውን የሚጠርጉት እናት መጥረጊያቸውን ከበሩ አስደግፈው «ልጆቼ፣ መግባት ይቻላል?» ብለው ጠየቁን። ዓመቱን ሙሉ ያንን ክፍል ሲጠርጉ የኖሩት እርሳቸው ናቸው። ይህ ጥያቄ በሥራችን ላይ ከተሰጠን ማርክ ሁሉ የከበደ ፍርድ ሆኖ አገኘነው።

ስለዚህ በሚመጣው ትርኢታችን የሥዕሉ ስም በቅድሚያ በአማርኛ እንዲጻፍ፣ ዘበኛውም የመጀመሪያው ተጋባዥ እንዲሆን እናሳስባለን። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም። ሳናደርገው ብንቀር ግን የሠፈሩን ሰው የምንሥለው ለሌላ ሰው ብቻ ይሆናል።