የመምህር አለሙ አጋ በገና

በገና አሥር አውታር አለው። በመምህር አለሙ አጋ አደራደር ግን ዜማውን የሚሸከሙት አምስት ወይም ስድስቱ ናቸው፤ የቀሩት የጣት ማረፊያ ይሆናሉ። አውታሩ ከበግ አንጀት ይፈተላል። ደግፎ በሚይዘው በርኩማ ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባበታል፤ የበገና ድምፅ ወፍሮ የሚነዝረው በዚህች ቆዳ ነው። ቆዳዋ ጥቂት ከቦታዋ ከሸሸች ንዝረቱ ይጠፋና አውታሩ ደረቅ ድምፅ ያወጣል። ጀማሪ ብዙ የሚቸገረው በዚህ እንጂ በዜማው አይደለም።

አለሙ አጋ እንጦጦ ላይ በ1950 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። በ12 ዓመታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል እግር ሥር ተቀምጠው በገና ተማሩ፤ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ያጠኑት ግን ጂኦግራፊ ነበር። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተማሩ፤ ትምህርቱ በደርግ ዘመን፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ተቋረጠ።

መቋረጡ ለበገና የከበደበት ምክንያት አለው። ከጎንደር እስከ እንፍራንዝ ባለው አገር የአዝማሪ ልጅ ባለ አንድ አውታሩን ማሲንቆ ከአባቱና ከአጎቱ እያየ ያድጋል፤ ሠርጉና ጠጅ ቤቱ ያበሉታል፤ ትምህርት ቤት ቢዘጋም ባይዘጋም ሙያው ይቀጥላል። በገና እንዲህ ያለ ገበያ የለውም። በዐቢይ ጾም፣ በቤት ውስጥ፣ ለጸሎትና ስለ ሞት ለማሰብ ይደረደራል። ሊወረስ የሚችለው መምህር ሲኖር ነው፤ መምህር ለአንድ ትውልድ ከታጣ እጁም አብሮ ይጠፋል።

ትምህርቱ ከግራ እጅ ይጀምራል። ተማሪው አንድ አጭር ምልልስ ይዞ፣ ጣቶቹን ሳያይ እስኪመታው ድረስ ይደጋግማል። ቃሉ ከዚያ በኋላ ይገባል፤ ዝቅ ባለ፣ ለራስ በሚነገር ድምፅ። ቸኩሎ አስቀድሞ የሚዘምር ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ እጁ ይቆምበታል። ቅኝቱ ትዝታ ወይም አንቺ ሆዬ ሊሆን ይችላል።

የመምህሩ አደራደር በኢትዮጲክስ ተከታታይ 11ኛ ቅጽ፣ «የንጉሥ ዳዊት በገና» በሚል ርእስ ለዓለም ደርሷል። ከዚያ ቅጂ ዜማውን መቅዳት ይቻላል። እንዚራው በርኩማው ላይ እንዴት እንደተስተካከለ ግን በጆሮ ብቻ አይገኝም፤ እሱን የሚያሳየው አጠገብ የተቀመጠ ደርዳሪ ነው።