ፊርማና ፈራሚ

እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ አገር አንድ አሮጌ የባንክ ቼክ ለጨረታ ቀርቦ በ160,000 ዶላር ተሸጠ። ቼኩ የተጻፈው እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1938 ነው። በላዩ ከሰፈረው 412 ዶላር ውስጥ 130ው፣ ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች «ሱፐርማን» የተሰኘውን የፈጠራ ሥራቸውን ከነሙሉ መብቱ ያስረከቡበት ዋጋ ነበር፤ ለ13 ገጽ፣ በገጽ 10 ዶላር ሒሳብ። አሳታሚው የሁለቱንም ስም በተዛባ ፊደል ጽፎት ስለነበር፣ በቼኩ ጀርባ አንድ ጊዜ በተዛባው፣ አንድ ጊዜ በትክክለኛው ስማቸው መፈረም ግድ ሆነባቸው። እነሆ ያ ፊርማ ከ74 ዓመት በኋላ መብቱ ከተሸጠበት ዋጋ ከሺህ እጥፍ በላይ አወጣ። ፈራሚዎቹ ግን ይህን ለማየት በሕይወት አልነበሩም።

ቼኩ ስለ አንድ ሰፊ ገበያ ይናገራል። ኮሚክስ የሚባሉት በሥዕል የሚተረኩ መጽሔቶች ሲታተሙ ለልጆች መዝናኛ ተብለው፣ በርካሽ የጋዜጣ ወረቀት የሚወጡ ነበሩ። ሱፐርማን መጀመሪያ የታየበት «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1፣ እ.ኤ.አ. በ1938 በ10 ሳንቲም ተሸጧል። ወረቀቱ ከእንጨት ፈጭ የተሠራ በመሆኑ በውስጡ ያለው አሲድ ራሱን በራሱ እየበላ ያገረጣዋል፤ እያደርም ያፈረፍረዋል። ልጆች አንብበው ይጥሉት ነበር፤ በጦርነቱ ዘመንም ብዙው ለአሮጌ ወረቀት ማሰባሰቢያ ገባ። ከጥፋቱ ያመለጠው ጥቂት ስለሆነ ዋጋው ሰማይ ነካ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የዚሁ ቁጥር አንድ ቅጂ 6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ።

ገንዘቡ ሲበዛ ዳኛ ማስፈለጉ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1970 ሮበርት ኦቨርስትሪት የዋጋ መምሪያውን ማሳተም በጀመረበት ጊዜ፣ የመጽሔቱን ይዞታ የሚመሰክረው ሻጩ ራሱ ነበር፤ ሻጭ ደግሞ ዕቃውን አያማም። የተቀደደውን ለጥፎ፣ የደበዘዘውን ቀለም ቀብቶ፣ የሸካከረውን ጠርዝ ከርክሞ «እንደ አዲስ» ብሎ የሚሸጥ አልጠፋም። ሲ.ጂ.ሲ. በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ ሲጀምር የሞላው ይህን ጉድለት ነው። መርማሪዎቹ ገጾቹን ይቆጥራሉ፤ የወረቀቱን ንጣት፣ የሽቦ ስፌቱን ዝገት፣ የጀርባውን እጥፋት ያያሉ፤ ከዚያም ከ0.5 እስከ 10 ባለው መለኪያ ደረጃ ሰጥተው መጽሔቱን በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጉታል። የታደሰ ከሆነ ሐምራዊ መለያ ይለጠፍበታል። ገዢን ከማጭበርበር የሚጠብቅ ሥራ በመሆኑ ሊነቀፍ አይገባውም።

ነገሩ የሚወሳሰበው ፊርማ ላይ ነው። በዚህ ሥርዓት በሽፋን ላይ የሰፈረ የቀለም ጽሑፍ ሁሉ በመሠረቱ ጉድለት ነው፤ ልጅ የሞነጫጨረውም ሆነ ደራሲው የፈረመው በመጀመሪያ ዓይን አንድ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው እማኝ ነው። ደራሲው ሲፈርም የድርጅቱ ወኪል አጠገቡ ቆሞ ካየና መጽሔቱን ከዚያው ተረክቦ ለምርመራ ካደረሰ፣ ቢጫ መለያ ይሰጠዋል፤ ፊርማውም ዋጋ ይጨምራል። እማኝ ካልነበረ ግን ያው ብዕር፣ ያው እጅ ቢሆንም መጽሔቱ አረንጓዴ መለያ ይለጠፍበታል፤ ወይም እንደተበላሸ ተቆጥሮ ደረጃው ዝቅ ይላል። እንግዲህ ጌጥና እድፍ የተለያዩት በቀለሙ ሳይሆን በተመልካቹ ነው።

የሥርዓቱ ጥንካሬ ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። ሹስተር እ.ኤ.አ. በ1992፣ ሲግል በ1996 አርፈዋል። እማኝ የሚቆምለት ፊርማ የመጣው ከእነርሱ ሞት በኋላ ስለሆነ፣ የሱፐርማን ፈጣሪዎች ፊርማ ያንን ምስክርነት ሊያገኝ ከቶ አይችልም፤ የቀረለት የእጅ ጽሑፍ አዋቂዎች ፊደል ከፊደል አስተያይተው የሚሰጡት አስተያየት ነው። «ፋንታስቲክ ፎር» እ.ኤ.አ. በ1961 ሲጀመር የጻፈው ስታን ሊ፣ የሣለው ጃክ ከርቢ ነበር። ከርቢ በ1994 ሞተ፤ ሊ እስከ 2018 ኖሮ እጅግ ብዙ ቅጂዎች ፈረመ። ከዚህም የተነሣ ከርቢ በሣለው ሽፋን ላይ የሚታየው የተመሰከረለት ፊርማ የሊ ነው። ገበያው እዚህ ላይ አልዋሸም፤ ፊርማው እውነተኛ ነው። ይሁንና እውነተኛ ፊርማ ሙሉ እውነት አይደለም። ጸሐፊው፣ ሠዓሊው፣ ቀለም ቀቢው፣ ፊደል ጻፊው የተካፈሉትን ሥራ ዕድሜ የሰጠው አንድ ሰው ስም ብቻ ይወክለዋል።

ሌላም ነገር አለ። የታሸገው መጽሔት አይገለጥም። ሊነበብ የተሠራ ታሪክ ሽፋኑ ብቻ እየታየ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ማሸጊያው ከተከፈተ ምስክርነቱ ይሻራል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ብሂል ከዚህ የበለጠ የሚስማማው ንብረት ማግኘት ያዳግታል። በኪነ ጥበብ ሚዛን ቢታይ በሽቦው ላይ ያለው ዝገት በሥዕሉ ላይ ካለው ብርታት በልጦ የሚመዘንበት ሥርዓት የጥበብ ዳኛ ሳይሆን የዕቃ ዳኛ ነው። ዳኛው ይህን ቢያምን ነቀፌታ የለበትም፤ ጥፋቱ ቁጥሩን የሥራው ደረጃ አድርጎ የሚያነበው ሰው ነው።

ሲግልና ሹስተር የሱፐርማንን ባለቤትነት ለማስመለስ እ.ኤ.አ. በ1947 ክስ መሥርተው ነበር፤ አልተሳካላቸውም፤ ስማቸውም ከመጽሔቱ ወጣ። እንደ ኒል አዳምስና ጄሪ ሮቢንሰን ያሉ ሠዓሊዎች በአደባባይ ከተሟገቱላቸው በኋላ፣ በ1975 ማብቂያ ላይ ኩባንያው ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ጡረታ ለመክፈልና ስማቸውን በፈጣሪነት ለማስፈር ተስማማ። ከዚያ ወዲህ በሱፐርማን ታሪክ ላይ የፈጣሪዎቹ ስም ታትሞ ይወጣል። ይህ ስም በብዕር አልተጻፈም፤ ቢጫ መለያ የለውም፤ በጨረታ ዋጋ አይጨምርም፤ በርካሹም በውዱም ቅጂ ላይ አንድ ዓይነት ነው። ነገር ግን እጅና ሥራን የሚያገናኘው እርሱ ነው። አሳታሚው ከመጽሔቱ ያወጣውን ስም መልሶ ለማተም ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል። ከማናቸውም ፊርማ ይልቅ ይህ እርማት የከበደ ምስክር ነው።