በቤምፕተን ገደል አፋፍ

በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሻየር ጠረፍ፣ ከቤምፕተን መንደር አጠገብ፣ ቁመቱ እስከ 100 ሜትር የሚደርሰው ነጭ የጠመኔ ገደል ከሰሜን ባሕር ጋር በሚገናኝበት አፋፍ ላይ፣ በግንቦትና በሰኔ ወራት በእግር መንገዱ በዝግታ የሚጓዝ ሰው፣ በዐለቱ እርከን ሁሉ ተደርድሮ የሚንጫጫውን የአእዋፍ ማኅበር ሲያይ፣ ፈጣሪውን ሳያመሰግን ማለፍ የሚችል አይመስለኝም። በሌላ ስፍራ ወፍን ለማየት ወደ ሰማይ ማንጋጠጥ ግድ ነው፤ በዚህ ግን ተመልካቹ የሚበርረውን ፍጥረት ጀርባ ቁልቁል ያያልና፣ ክንፉ ሲዘረጋ 180 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆነው ነጩ ጋኔት ነፋሱን ተደግፎ ሲያልፍ፣ ወርቅ የተቀባ የሚመስለው ራሱ ያለ መነጽር ይለያል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ጊልሞት የሚባለው ወፍ ነው። ጎጆ ሳይሠራ አንዲቱን ዕንቁላሉን በባዶ ዐለት ላይ ያኖራል፤ የዕንቁላሎቹም ቀለምና ነጠብጣብ እጅግ የተለያየ ስለ ሆነ፣ በዚያ ሁሉ ግፊያ መካከል ወላጆቹ የራሳቸውን ለይተው ያውቃሉ። ጫጩቱም ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው፣ ገና መብረር ሳይችል፣ አባቱ ከባሕሩ ላይ ሲጠራው ከዚያ ከፍታ ራሱን ይወረውራል።

ቀድሞ ግን እነዚህን አእዋፍ ሰዎች ለጨዋታ ብለው ከጀልባ ላይ በጠመንጃ ይፈጁአቸው ነበር፤ የእንግሊዝ ፓርላማ በመራቢያቸው ወራት እንዳይገደሉ የሚከለክለውን ሕግ ያወጣው በ1869 እ.ኤ.አ. ነው። በገመድ እየወረዱ ዕንቁላል የሚለቅሙት ግን እስከ 1950ዎቹ ድረስ ሥራቸውን አልተዉም ነበር።