ጠብቆ የሚነበብ ፊደል

«አንበሳው ይበላል» ብሎ የጻፈ ሰው ምን ማለቱ ነው? «ይበላል» ላልቶ ከተነበበ አንበሳው ግዳዩ ላይ ተቀምጧል፤ ጠብቆ ከተነበበ ራሱ የሌላ ምግብ ሆኗል። ፊደላቱ አንድ ናቸው፣ ብዛታቸውም አንድ፣ ቅደም ተከተላቸውም አንድ። በላተኛውን ከተበላው የሚለየው ጥብቀት በተለመደው ጽሕፈታችን ምልክት የለውም። አንባቢው ከዐውዱ ይደርስበታል፣ አለዚያም ጮክ ተብሎ ሲነበብ በጆሮው ይለየዋል።

በሰው ሕዋስ ውስጥም እንዲህ ያለ ጥብቀት አለ። ዲኤንኤ የተጻፈው በአራት ፊደላት ነው፤ አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጉዋኒንና ሳይቶሲን። ከአራቱ ሳይቶሲን፣ በተለይ ጉዋኒን ሲከተለው፣ ሜቲል የሚባል ትንሽ ሸክም ይሸከማል፤ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ብቻ። ፊደሉ ያው ሳይቶሲን ነው፣ ንባቡ ግን ይለወጣል። ሳይቶሲንና ጉዋኒን እንዲህ ተከታትለው የቆሙባቸው ሥፍራዎች በሰው ዲኤንኤ ውስጥ ወደ 28 ሚሊዮን ይጠጋሉ፤ አብዛኞቹም ሜቲል ተሸክመዋል። በብዙ ጂኖች መግቢያ ላይ ግን እነዚህ ጥንዶች ተጠጋግተው የሠፈሩባቸው አጫጭር ክልሎች አሉ፤ ተመራማሪዎች «ደሴት» ይሏቸዋል። ጤነኛ ሕዋስ አብዛኞቹን ደሴቶች ከሜቲል ነጻ አድርጎ ይይዛቸዋል። ደሴቱ በሜቲል ሲሞላ ጂኑ ዝም ይላል።

ካንሰር ሜቲል የተሸከሙትንም ነጻ የሆኑትንም ያዛባል። እ.ኤ.አ. በ1983 አንድሩ ፋይንበርግና በርት ቮግልስታይን በካንሰር ሕዋሳት ውስጥ አንዳንድ ጂኖች የነበራቸውን ሜቲል እንዳጡ አሳዩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ የሕዋስን መባዛት የሚገቱ ጂኖች ደሴቶቻቸው በሜቲል ተጭነው ዝም እንደሚሉ ታወቀ። መጥበቅ ያለበት ላልቷል፣ መላላት ያለበት ጠብቋል። አንዲት ፊደል እንኳ ሳትሳሳት ትርጉሙ ተገልብጧል።

እኔን ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝ ግን ከበሽታው ይልቅ አንድ የእጅ ሥራ ነው፦ የማይጻፈውን ጥብቀት የሚነበብ ፊደል ያደረገው ሥራ። ስለ ካንሰር ምርምር ሲወራ መድኃኒቱና ሐኪሙ ይነሣሉ፤ ይህ ሥራ ግን ሲወደስ ብዙም አልሰማሁም።

ችግሩ እንዲህ ነበር። ከሕመምተኛ የሚወሰድ ናሙና ጥቂት ስለሆነ ቤተ ሙከራ ዲኤንኤውን የሚያነበው አስቀድሞ በማባዛት ነው። የሚያባዛው ኢንዛይም ደግሞ አዲሱን ክር የሚሠራው ሜቲል በሌለው ሳይቶሲን ነው። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ቅጂ ጀምሮ ሸክሙ ይጠፋል። «ይበላል»ን ያለ ስሕተት የገለበጠ ጸሐፊ ጥብቀቱን ለቅጂው ማውረስ እንደማይችል ሁሉ ማለት ነው። ሜቲል ያለበትን ሥፍራ የማይቆርጡ ኢንዛይሞች አስቀድሞም ነበሩ፤ ነገር ግን እነርሱ የሚያውቁት የተወሰነ የፊደል ቅንጅት ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ሳይነበብ ይቀር ነበር።

መፍትሔው ባይሰልፋይት ከሚባል ጨው መጣ። ወይንና የደረቀ ፍራፍሬ እንዳይበላሽ ከሚጨመሩት ማቆያዎች ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ጃፓን ውስጥ ሂኮያ ሃያትሱ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ሮበርት ሻፒሮ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር በየፊናቸው፣ ይህ ጨው ሳይቶሲንን ዩራሲል ወደሚባል ሌላ ፊደል እንደሚለውጥ ደረሱበት። ሜቲል የተሸከመው ሳይቶሲን ግን ለውጡን የሚቀበለው እጅግ አዝግሞ ነው። ይህ እውቀት ከሃያ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ በ1992 ማሪያን ፍሮመርና ባልደረቦቻቸው ሲድኒ ውስጥ የማንበቢያ መሣሪያ አደረጉት።

እርምጃዎቹ አንድ በአንድ ሊታዩ ይገባል። መጀመሪያ ጥንዱ የዲኤንኤ ክር በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ተላቆ ለየብቻ ይቆማል፤ ባይሰልፋይት የሚሠራው በነጠላ ክር ላይ ነውና። ቀጥሎ ክሩ አሲድነት ባለው የባይሰልፋይት ፈሳሽ ውስጥ፣ በሙቀት፣ ለሰዓታት ይቆያል። እዚያ ሰልፋይቱ የሳይቶሲኑ ቀለበት ላይ ይጣበቃል፤ ቀለበቱ ሲናጋ ውሃ ትገባና ከጎኑ የተንጠለጠለውን የናይትሮጅን ቅርንጫፍ ትነቅላለች። ከዚያ ትርፉ ጨው ይታጠባል። ፈሳሹ ወደ አልካሊ ሲቀየር ደግሞ የተጣበቀው ሰልፋይት ይለቃል። የሚቀረው ዩራሲል ነው፤ ሲባዛም ታይሚን ተብሎ ይነበባል። ሜቲል የተሸከመው ሳይቶሲን ግን በዚህ ሁሉ አልፎ ሳይቶሲን እንደሆነ ይወጣል።

አንድ ሰው የአማርኛ መጽሐፍን በአንዳች ፈሳሽ ነክሮ ሲያወጣው፣ ላልቶ የሚነበበው «በ» ሁሉ ወደ «ተ» ተለውጦ፣ የጠበቀው «በ» ብቻ ሳይነካ ቢቀር አስቡት። ከዚያ በኋላ ቋንቋውን የማያውቅ ገልባጭ እንኳ ጥብቀቱን ሳያጎድል ይገለብጣል፤ ጥብቀት ፊደል ሆኗልና። ፍሮመር ያደረጉት ይህንን ነው። አዲስ ማንበቢያ አልሠሩም፤ በእጅ ያለው ተራ ማንበቢያ እንዲያየው አድርገው ጽሑፉን ለወጡት።

ሥራው የሚጠይቀው ልክ ማወቅን ነው። ሜቲል ያለው ሳይቶሲን አይለወጥም ሲባል ፈጽሞ አይነካም ማለት አይደለም፤ የሁለቱ ልዩነት የፍጥነት ልዩነት ነው። ቶሎ ከተቋረጠ ላልተው የነበሩት ሳይለወጡ ቀርተው የጠበቁ ይመስላሉ። ከልክ በላይ ከቆየ የጠበቁትም መለወጥ ይጀምራሉ፣ ክሩም ይበጣጠሳል። ምጣዱን ከፍታ እንጀራዋን በሰዓቷ የምታወጣ ሴት ይህን ልክ ታውቀዋለች፤ ቀድማ ብታወጣው ሊጥ ነው፣ ብትዘገይ ይደርቃል። በጥሩ እጅ ሲሠራ እንኳ ከገባው ዲኤንኤ አብዛኛው ተሰባብሮ ይጠፋል። ንባቡ የሚገኘው ከተረፈው ነው።

እንግዲህ ክሩ እንዲህ እየተጎዳ ውጤቱ እንዴት ይታመናል? እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ የዚህ መልስ ነው። በአብዛኛው የአዋቂ ሰው ሕዋስ ውስጥ ጉዋኒን የማይከተለው ሳይቶሲን ሜቲል አይሸከምም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሥራው በሚገባ ከተሠራ እነዚያ ሳይቶሲኖች በሙሉ ታይሚን ሆነው መነበብ አለባቸው። ከእነርሱ ጥቂቶቹ እንኳ ሳይቶሲን ሆነው ብቅ ቢሉ አንባቢው ለውጡ እንዳልተሟላ ያውቃል፣ ንባቡንም አያምነውም። ምስክሩ ከውጭ አልመጣም። እያንዳንዱ መስመር ስለ ራሱ ትክክለኛነት የሚመሰክሩ ፊደላትን በውስጡ ይዟል። ለዚህ ተብሎ የተጨመረ ነገር የለም፤ ከተፈጥሮው ውስጥ ነበረ፣ ሠሪዎቹ አዩት።

በ1996 ባልቲሞር ውስጥ ጄምስ ኸርማን፣ ስቴፈን ቤይሊንና ባልደረቦቻቸው ሥራውን ለሆስፒታል እጅ አቀረቡት። ከባይሰልፋይት የወጣውን ክር ከዳር እስከ ዳር ማንበቡን ትተው ሁለት ዓይነት የማባዣ መነሻዎች አዘጋጁ። አንዱ ከጠበቀው ጽሑፍ ጋር ብቻ ይገጥማል፣ ሌላው ከላላው ጋር ብቻ። የትኛው እንደተባዛ ማየት በቂ ነው። ለካንሰር ምርመራ ተቆርጦ በፎርማሊን ተጠብቆ፣ በፓራፊን ታሽጎ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ቁራጭ ሥጋ የሚገኝ ጥቂትና የተሰባበረ ዲኤንኤም በዚህ መንገድ ይጠየቃል።

ጥያቄው የሰው ሕይወት ላይ የደረሰበት ጉልህ ምሳሌ ግሊዮብላስቶማ ነው፤ ከአዋቂዎች የአንጎል ካንሰር እጅግ ከሚከፉት አንዱ። መድኃኒቱ ቴሞዞሎማይድ የሚሠራው ጉዋኒን በሚባለው ፊደል ላይ ሜቲል በመለጠፍ ነው፤ እስካሁን ካወራነው ምልክት የተለየ፣ ሕዋሱን የሚገድል ጉዳት ነው። ኤምጂኤምቲ የሚባል ፕሮቲን ደግሞ ይህን ጉዳት ይጠግናል። አጠጋገኑ ይገርማል፦ የተለጠፈውን ሜቲል አንሥቶ ራሱ ላይ ያኖረዋል፣ ከዚያ ወዲያ ዳግመኛ አይሠራም። ንብ አንዴ ነድፋ እንደምትሞት ሁሉ እያንዳንዱ የፕሮቲኑ ሞለኪውል የሚጠግነው አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ካንሰሩ መድኃኒቱን ለመቋቋም ፕሮቲኑን ያለማቋረጥ መሥራት አለበት። የኤምጂኤምቲ ጂን ደሴት ጠብቆ፣ ጂኑ ዝም ብሎ ከሆነ ግን ተተኪ የለውም። ሌሎችን ጂኖች ዝም አሰኝቶ ሰውን የሚጎዳው ያው ምልክት እዚህ ካንሰሩን ራሱን ትጥቅ ያስፈታዋል።

በ2005 ሮጀር ስቱፕና ባልደረቦቻቸው በ573 ሕመምተኞች ላይ ያደረጉት ጥናት ቴሞዞሎማይድ በጨረር ሕክምና ላይ ሲጨመር ዕድሜ እንደሚያራዝም አሳየ። በዚያው ዓመት ሞኒካ ሄጊና ባልደረቦቻቸው ከእነዚያ ሕመምተኞች የ206ቱን ዕጢ በኸርማን ዘዴ መረመሩ። በ45 በመቶው ደሴቱ ጠብቆ ተገኘ። ከእነዚህ መካከል መድኃኒቱንና ጨረሩን እንዲወስዱ የተመደቡት በመካከለኛ ግምት 21.7 ወር ሲኖሩ፣ ለጨረር ብቻ የተመደቡት 15.3 ወር ኖሩ። ደሴቱ በላላባቸው ሕመምተኞች ግን ቁጥሩ 12.7 እና 11.8 ነበር፤ ልዩነቱ እጅግ ጠባብ ነው። ስድስት ወር ከቤተሰብ ጋር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ባይሰልፋይት በዚህ አልቆመም። በ2018 ከሃይድልበርግ የመጣ ሥራ የአንጎል ዕጢዎችን የሜቲል ንድፍ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ሥፍራዎች አንብቦ፣ ዕጢው የየትኛው ወገን እንደሆነ ኮምፒዩተር እንዲለይ አስተማረ። ከ1,100 በላይ አዳዲስ ናሙናዎች ሲፈተሹም በአጉሊ መነጽር የተሰጠው ምርመራ እስከ 12 በመቶ በሚደርሱት ላይ ተቀየረ። ዕጢው የተሳሳተ ስም ይዞ ቢቀር ሕክምናውም አብሮት ይሳሳት ነበር።

ሥራው ጉድለትም አለው፣ መታለፍ የለበትም። ከሜቲል ጥቂት ከፍ ያለ፣ ኦክስጅን የተጨመረበት ሌላ ሸክም አለ፤ በአንጎል ሕዋሳት ውስጥ በብዛት መኖሩ በ2009 ተገለጠ። ባይሰልፋይት ሁለቱን አይለያቸውም፤ ሁለቱም ጠብቀው ይነበባሉ። ይህን የሚለዩ ዘዴዎች በ2012 ወጡ። ዲኤንኤውን እንዳይሰባብር ጨው በኢንዛይም የተተካበት መንገድም ዛሬ አለ። በደም ውስጥ የሚንሳፈፍ የካንሰር ዲኤንኤ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ከእርሱ ለማንበብ ለሚጥሩ ሰዎች ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። ሐሳቡ ግን ያው የሲድኒው ነው፦ የላላውን ለውጥ፣ የጠበቀውን ተው፣ ከዚያ አንብብ።

ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑ፣ ጨረርና ቴሞዞሎማይድን አንድ ላይ ለመሸከም አቅም የሌላቸው የግሊዮብላስቶማ ሕመምተኞች አሉ። ሐኪሙ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። በ2012 በአውሮፓ የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩት የኤምጂኤምቲ ደሴት ጠብቆ ከተገኘ የሚሻለው መድኃኒቱ ነው፤ ቤት ተቀምጠው የሚውጡት እንክብል። ላልቶ ከተገኘ ግን በየቀኑ ወደ ጨረር ክፍል መመላለሱ ይሻላል። የአባትን ውጤት ይዞ የቆመ ልጅ እጅ ላይ ያለው ወረቀት የሚናገረው፣ ከጥቂት ሳይቶሲኖች መካከል ስንቶቹ በጨው ውስጥ አልፈው ሳይቶሲን እንደሆኑ እንደወጡ ነው።