ከአሥር አንድ እጅ

የደረቀ የአርኒካ አበባ መዳፍ ላይ ሲቀመጥ ክብደቱ አይታወቅም። ዳሩን የከበቡት ምላሶች ሳይቆጠሩ ስፋቱ 20 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱ 15። ከሥሩ ጠባብና ሹል የሆኑ አረንጓዴ ቅጠሎች አቅፈው ይዘውታል። ከ18 እስከ 24 ይሆናሉ፤ በአንድ ወይም በሁለት ረድፍ ይቆማሉ። በዳሩ ላይ ሃያ ያህል ብርቱካናማ ቢጫ ምላሶች ተዘርግተዋል። የእያንዳንዱ ርዝመት ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ነው። ጫፉ ሦስት ጥርስ አለው፤ ከ7 እስከ 10 የሚሆኑ ቀጫጭን መስመሮች ጎን ለጎን ይወርዱበታል። መሐሉ በትንንሽ ቱቦዎች የተሞላ ነው። አንዱን ቱቦ በወረንጦ ነቅሎ ላየው፣ ከግርጌው ገና ያልበሰለ ዘር፣ በዘሩ አናት ዙሪያ ደግሞ ነጭ ጠጉር ያገኛል።

አደይ አበባን፣ ኑግን ወይም ሱፍን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ይህ አሠራር አይገርመውም። የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ከሩቅ አንድ አበባ የሚመስለው ነገር በአንድ ጠባብ መደብ ላይ የተሰበሰቡ የብዙ አበቦች ጉባኤ ነው። የአርኒካ መደብ 6 ሚሊሜትር ብቻ ይሰፋል። እነዚህን ልኮች የአውሮፓ ፋርማኮፒያ፣ የመድኃኒት መሥፈርቱ መጽሐፍ፣ አንድ በአንድ መዝግቧቸዋል። ደረቅ አበባ በጆንያ የሚቀበል ቀማሚ ማስመሪያና አጉሊ መነጽር ይዞ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ምክንያቱም የዚህ አበባ ሥራ ያበጠና የበለዘ ቆዳን ከውጭ ማስታገስ ነው፤ ለዚህ የሚበቃው ደግሞ ትክክለኛው ተክል በትክክለኛው መጠን ሲሆን ነው።

አርኒካ ሞንታና የአውሮፓ ተራራ ልጅ ነው። የሚመርጠው መሬት ገበሬ የማይመኘው ነው፤ አሲዳማ፣ ኖራ የሌለበት፣ ፍሬያማ ያልሆነ። ቅጠሎቹ መሬት ላይ ተለጥፈው ይበቅላሉ። ፍግ ወይም ማዳበሪያ ሲበተን ሣሩ ይፋፋና ብርሃን ይከለክላቸዋል። የሚያጭድና የሚያሰማራ ሰው ጨርሶ ከጠፋም ቁጥቋጦ ይወርሰዋል። ሰው በልኩ የሚነካው መስክ ይፈልጋል።

በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በቮዥ ተራሮች ላይ፣ ማርክስታይን የሚባል እንዲህ ያለ መስክ አለ። ከፍታው 1,200 ሜትር ገደማ ነው። በአገሪቱ የታወቀው የአርኒካ መልቀሚያ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ገበሬዎች፣ ለቃሚዎች፣ መድኃኒት ሠሪዎች፣ የአካባቢው አስተዳደሮችና የተፈጥሮ ፓርኩ አንድ ስምምነት ላይ ደረሱ። መስኩ ላይ ኖራና ማዳበሪያ አይበተንም። ድርቆሹም የሚታጨደው ለቀማው ካለቀ በኋላ ነው። ተክሉ በ1992 በወጣው የአውሮፓ ኅብረት የተፈጥሮ መኖሪያዎች መመሪያ ውስጥ ለቀማቸው በቁጥጥር ሊያዝ ከሚችል ተክሎች መካከል ተመዝግቧል። እንግዲህ የመድኃኒቱ የመጀመሪያ ባለሙያ ማዳበሪያውን ጎተራ ውስጥ የተወው ገበሬ ነው።

ለቀማው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መባቻ ይደርሳል። በዚያ ወቅት መስኩ ላይ ሌሎች ቢጫ አበቦችም ሞልተዋል። ለቃሚው አበባውን ከማየቱ በፊት ግንዱን ያያል። የአርኒካ ግንድ ከ20 እስከ 60 ሴንቲሜትር ይቆማል፤ ጸጉራም ነው። ግንዱ ላይ ያሉት ጥቂት ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። ከሚመስሉት አበቦች የብዙዎቹ ቅጠል ግን እየተፈራረቀ ነው የሚወጣው። ከላይኛው ጥንድ ብብት ብዙ ጊዜ ሁለት ትንንሽ አበቦች በግራና በቀኝ ይነሣሉ። መሐለኛው ቀድሞ ይፈካል፤ ጎንና ጎኖቹ ይከተላሉ። ጥሩ ለቃሚ ሁሉንም አይቀጥፍም። ለዘር የሚሆን ይተዋል።

አንዳንዱን ራስ ደግሞ በጥፍሩ ከፍቶ ያያል። በዚህ ተክል ላይ የምትኖር ትንሽ ዝንብ አለች። እንቁላሏን አበባው ራስ ውስጥ ትጥላለች፤ ትሎቹ መደቡ ላይ ያድጋሉ። በድሮ ጊዜ አንዳንድ መድኃኒት ቤቶች ምላሶቹንና ቱቦዎቹን ብቻ ነቅለው መደቡን የሚጥሉት በዚህ ምክንያት ነበር። አድካሚ ሥራ ነው፤ የሚገኘው አበባ ግን ንጹሕ ነው።

ከሥራው ሁሉ እኔ አብልጬ የማደንቀው ማድረቁን ነው። የተቀጠፈ አርኒካ ወዲያው ሥራውን አያቆምም። በውስጡ ባለው እርጥበት ዘሩን ማብሰል ይቀጥላል። አደራረቁ ከዘገየ ነጩ ጠጉር ይነፋል፣ ቱቦዎቹን ከመደቡ ገፍቶ ያወጣል፣ ወንፊቱ ላይ የሚቀረውም ብናኝና ብጥስጣሽ ይሆናል። ስለዚህ አበባው በተለቀመበት ቀን በስስ ወንፊት ላይ፣ ሳይደራረብ፣ ይሰጣል። ሙቀቱ 40 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ አየሩ መንቀሳቀስ አለበት። ማገላበጥ ራሱን ስለሚበትነው አበባው በተሰጣበት እንዲደርቅ ይተዋል። ምላሶቹ ቶሎ ይደርቃሉ። መደቡ ግን ወፍራም ስለሆነ መጨረሻ የሚደርቀው እሱ ነው። ምላሱ ተንኮሻኩሾ መደቡ ሲጫኑት የሚለዝብ ከሆነ አልደረቀም። እንዲህ ያለው ጆንያ ውስጥ ከገባ ጎረቤቶቹን ሁሉ ያሻግታል።

ከአምስት ኪሎ እርጥብ አበባ አንድ ኪሎ ገደማ ደረቅ ይገኛል። በሩማንያ፣ በአፑሴኒ ተራሮች ላይ ባለችው ጋርዳ ደ ሱስ፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አበባውን እዚያው አድርቆ ለመሸጥ የተደከመው ይህ ሒሳብ ስላለ ነው። እርጥቡን ለነጋዴ የሚያስረክብ መንደር የሚሸጠው አብዛኛው ውኃ ነው። ደረቁን የሚሸጥ ግን ሙያውንም ይሸጣል።

ከዚያ ቅመማው ይመጣል፤ እዚህ ላይ ቁጥሮቹ ራሳቸው ውብ ናቸው። ፋርማኮፒያው ደረቁ አበባ ቢያንስ 0.40 በመቶ ሴስኪተርፔን ላክቶን የሚባለውን ንጥረ ነገር እንዲይዝ ያዛል። ሥራውን የሚሠራው በዋናነት ይህ ነው። ቲንክቸሩ፣ አበባው በአልኮል ተዘፍዝፎ የሚወጣው ፈሳሽ፣ ደግሞ ከአንድ እጅ አበባና ከአሥር እጅ አልኮል ይሠራል። አልኮሉ ከ60 እስከ 70 በመቶ ነው። የተሠራው ቲንክቸር ቢያንስ 0.04 በመቶ መያዝ አለበት። 0.40 ለአሥር ሲካፈል 0.04 ነው። ዝቅተኛውን ልክ ብቻ ያሟላ አበባ ይዞ የተነሣ ቀማሚ እንግዲህ በመንገድ ላይ ምንም ሊያስቀር አይችልም። አበባው ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ጠርሙሱ መሻገር አለበት። ይህ የማይቻል ስለሆነ ጎበዝ ቀማሚ ከልኩ በላይ የጠነከረ አበባ ይፈልጋል፤ ፍለጋው ተመልሶ ወደ ማድረቂያው ቤትና ወደ መስኩ ይወስደዋል።

የአልኮሉ ልክም በዘፈቀደ አልተመረጠም። ላክቶኖቹ በውኃ ብቻ ሲዘፈዘፉ እምብዛም አይወጡም። አልኮል ያወጣቸዋል። ውስጡ ያለው ውኃ ደግሞ የደረቀውን አበባ ያርሰዋል፣ ያሳብጠዋል፣ ለአልኮሉም መንገድ ይከፍትለታል። አበባው በደቃቁ አይፈጭም፤ ይከረተፋል። አልኮሉ ከላይ እየተንጠባጠበ የሚያልፍበት ዘዴ ከተመረጠ፣ የተከረተፈው መጀመሪያ በትንሽ አልኮል ርሶ ይቆያል። ደረቁን ዕቃው ውስጥ የጠቀጠቀ ሰው በኋላ ሲያብጥ ይዘጋበታል። ላላ አድርጎ የሞላው ደግሞ አልኮሉ በአንድ በኩል ቀዶ ይወርድበታል፤ የቀረው ክፍል ሳይነካ ይቀራል። አሞላሉ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆን አለበት፤ ጠብታውም ዝግ ያለ። መጨረሻ ላይ ነጩ ጠጉር ጣጣ ያመጣል። ፈሳሽ ይመጥጣል፣ ስለዚህ ይጨመቃል። ቆዳም ይቆጠቁጣል፣ ስለዚህ በጥቅጥቅ ማጥለያ ይጠለላል። የተጠለለው ቢጫ የመታው ቡናማ ነው፤ ብርሃን ሲያልፍበት ምንም አይንሳፈፍበትም።

ማጭበርበርም አለ። በሜክሲኮ በአርኒካ ስም የሚሸጥ ሌላ ተክል አለ፤ ሄተሮቴካ ይባላል። ካሌንዱላ የሚባለው አበባም ቀለሙ ይመሳሰላል። ፋርማኮፒያው ለዚህ የሚያቀርበው ፈተና ቀላል ነው። የአበባው ጭማቂ በስስ ሽፋን ላይ ወደ ላይ እየተሳበ ክፍሎቹ ይለያያሉ፤ ከዚያ በልዩ ብርሃን ይታያል። ሩቲን የሚባለው ንጥረ ነገር ብርቱካናማ ቢጫ ቀለም ሠርቶ ብቅ ካለ አበባው አርኒካ ብቻ አይደለም።

ከላክቶኖቹ ዋናው ሄለናሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፍራይቡርግ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች ሄለናሊን ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የተባለውን ፕሮቲን እንደሚይዝ አሳዩ። ይህ ፕሮቲን ሴሎች ውስጥ የብግነትን ትእዛዝ ከሚያስተላልፉት አንዱ ነው። ሄለናሊን ፕሮቲኖች ላይ ያለውን ሰልፈር የሚጨብጥባቸው ሁለት እጆች አሉት። የቅርብ ዘመዱ ዳይሃይድሮሄለናሊን አንድ ብቻ አለው። በመካከለኛው አውሮፓ አበቦች ላይ የመጀመሪያው ዓይነት ይበዛል፤ በስፔን አበቦች ላይ ሁለተኛው። ያው ጨባጭ እጅ የቆዳ አለርጂም ያስነሣል። መድኃኒቱንና ጉዳቱን የሚያመጣው አንድ ጠባይ ስለሆነ፣ አርኒካን በልኩ ማቅጠን ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ለጨርቅ መንከሪያ የሚሆን ቲንክቸር በውኃ ከሦስት እስከ አሥር እጥፍ ይቀጥናል። ለዘይት አንድ እጅ አበባ በአምስት እጅ የአትክልት ዘይት ይዘፈዘፋል። ቅባት ውስጥ የሚገባው ቲንክቸር ከ20 እስከ 25 በመቶ አያልፍም። የጀርመን የዕፅዋት መድኃኒት ኮሚሽን፣ ኮሚሽን ኢ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ከውጭ ለሚደረግ አጠቃቀም ሲያጸድቀው እንዲህ ያሉ መጠኖችን አስቀምጧል።

አጠቃቀሙም ጥንቃቄ ይሻል። ቆዳ ሲመታ ከሥሩ ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበጠሳሉ፤ ደም ሥጋው ውስጥ ይፈስሳል። ሰውነት ያንን ደም ሲያፈርስ ቦታው ከቀይ ወደ ሰማያዊና ጥቁር፣ ከዚያ ወደ አረንጓዴ፣ መጨረሻም ወደ ቢጫ ይለወጣል። በወጌሻ እጅ ያደገ ሰው ቅባት ሲያይ ማሸት ይቃጣዋል። ለዛለ ጡንቻ ማሸት ደግ ነው። ትኩስ ምት ግን አይታሽም። ንጹሕ ጨርቅ በቀጠነው ቲንክቸር ነክሮ፣ ጠምዝዞ፣ ሳይጫኑ ማሳረፍ ነው። ጨርቁ ሲሞቅ ይለወጣል። በላስቲክ አይሸፈንም።

ምን ያህል ይሠራል? መልሱ እንደ ሕመሙ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት የእጅ ጣት መገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸውን 204 ሰዎች ለ21 ቀናት ተከታተለ። የአርኒካ ጄል ከ5 በመቶ የአይቡፕሮፌን ጄል አላነሰም። በ2010 ሆን ተብሎ በሌዘር በለዘ ቆዳ ላይ 20 በመቶ አርኒካ ያለበት ቅባት ተሞክሮ ከቫዝሊን የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ የተሳተፉት 16 ሰዎች ብቻ ናቸው። በዚያው ዓመት በስፖርት በዛለ ባት ላይ የተሞከረው ግን ከ24 ሰዓት በኋላ ሕመሙን ከማስመሰያው ቅባት ይበልጥ ከፍ አድርጎት ታየ። ስለዚህ ለበለዘ ቆዳና ለመገጣጠሚያ እመርጠዋለሁ፤ ከሩጫ ማግሥት ለሚመጣ የጡንቻ ሕመም ግን አልመርጠውም።

የተላጠ ወይም የቆሰለ ቆዳ ላይ አይደረግም። አይጠጣም፤ ሄለናሊን ወደ ውስጥ ሲገባ መርዝ ነው። አደይ አበባንና ኑግን ባቀፈው ቤተሰብ ተክሎች አለርጂ ያለበት ሰው አይንካው። ማሳከክ ወይም ሽፍታ ከታየ ወዲያው ይተዋል። ምት ባገኘው እግር ላይ መቆም ካቃተ ወይም አጥንቱ ከተጣመመ ቅባት ሳይሆን ሐኪም ያሻል።

ጀርመን ወይም ስዊዘርላንድ ያለ አንባቢ መድኃኒት ቤት ገብቶ አርኒካ ቢል ጄል፣ ቅባት፣ ዘይት፣ ቲንክቸርና ትንንሽ ነጭ እንክብሎች ይቀርቡለታል። እንክብሎቹ የሆሚዮፓቲ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከመጠን በላይ ስለቀጠኑ ከአበባው የቀረ ነገር የለባቸውም። በቀሩት ላይ ሦስት ነገር ያንብብ። የተክሉ ሙሉ ስም አርኒካ ሞንታና መሆኑን፣ ከመቶ ግራም ውስጥ ስንት ግራም ቲንክቸር ወይም ዘይት እንዳለ፣ አበባው ለማውጫው ያለው ምጣኔ ስንት ለስንት እንደሆነ። ሦስቱ ከሌሉ ፋርማሲስቱን ይጠይቅ፤ እሱም ካላወቀ ሌላውን ዕቃ ያንሣ።